«ጌት» የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለቱርክኛ ተናጋሪዎች እንዴት ላስረዳ?

ጠያቂ፦ መምህርት ከፈረንጅ አራዳ

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው መስከረም ደግሞ ለሥራ ወደ ከተማችን የመጡ ቱርካውያን ባልና ሚስት በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ቤታቸው እየሄድኩ እንዳስተምራቸው ጠይቀውኝ ጀምሬአለሁ። ሁለቱም ትጉዎች ናቸው፤ የቤት ሥራቸውን ሳይሠሩ የጠበቁኝ ቀን የለም። ያስቸገረችን ሦስት ፊደል ብቻ ያላት አንዲት ቃል ናት፤ «ጌት»።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ሳምንታችሁን በዐሥር ዐረፍተ ነገር ጻፉልኝ አልኳቸው። ሚስትየዋ ከእናቷ መልእክት እንደ ደረሳት ልትነግረኝ ፈልጋ «አይ ቱክ ኤ መሴጅ ፍሮም ማይ ማዘር» ብላ ጻፈች። «ቱክ»ን ሰርዤ «ጎት» አደረግሁላት። ሁለት መስመር ዝቅ ብላ ደግሞ «አይ ቱክ ብሬድ ፍሮም ዘ ሾፕ» ብላለች፤ ዳቦውን ከፍላ ገዝታዋለች እንጂ አንሥታ አልሄደችም፣ ስለዚህ እሱንም «ጎት» አልኩት። ከዚያ የባልየውን ወረቀት ስመለከት፣ ሐሙስ ዕለት መርካቶ ሲሄዱ ዝናብ መትቷቸው መበስበሳቸውን «ዊ ወር ዌት» ብሎ ጽፎታል። «ዊ ጎት ዌት» ብዬ አረምኩት። ሚስትየዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፤ መልእክት ሲመጣም «ጎት»፣ ዳቦ ሲገዛም «ጎት»፣ ዝናብ ሲያበሰብስም «ጎት»። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መዝገበ ቃላቱን ከፈተችው፤ በ«ጌት» ሥር የተደረደረው የቱርክኛ ፍቺ በጣቷ ብትገፋው ብትገፋው የሚያልቅ አልሆነም። «የትኛውን ልያዝ?» ብላ ስትጠይቀኝ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም።

እኔ ቱርክኛ የማውቀው ሰላምታና ምስጋና ያህል ነው። ቱርክኛ የምታውቁ ወይም እንግሊዝኛን ለውጭ ሰዎች ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ለ«ጌት» የሚቀርብ አንድ የቱርክኛ ቃል ካለ፣ ከሌለም በየትኛው ፍቺ ብጀምር እንደሚሻል ብታካፍሉኝ ውለታችሁ አለብኝ።

ከአንካራ ተመላሽ፦

እህታችን፣ ጥያቄዎ አንካራ የተማርኩባቸውን አራት ዓመታት መለሰልኝ። አንድ አቻ ቃል የለም፤ ይሁን እንጂ ተማሪዎ «ቱክ» ያለችው በግዴለሽነት አለመሆኑን ቢያውቁላት ደስ ይለኛል። ቱርክኛ «አልማክ» የሚባል ግሥ አለው፤ አማርኛ በሦስት ግሦች የሚከፋፍለውን፣ ማለትም መውሰድን፣ መቀበልን እና መግዛትን፣ ይህ አንድ ግሥ ብቻውን ይሸከመዋል። መልእክት ደረሰኝ ለማለትም «አልድም»፣ ዳቦ ገዛሁ ለማለትም «አልድም»፣ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ ወሰድኩ ለማለትም «አልድም» ነው። ለቱርክ ተማሪ «አልማክ» ማለት «ቴክ» ነው ተብሎ መጀመሪያ ከተነገረው ሦስቱንም «ቴክ» ቢላቸው የራሱን ቋንቋ ሥርዓት መከተሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «አልማክ»ን ይክፈሉላቸው፤ ነገሩ ወደ እነርሱ ከመጣ «ጌት»፣ እጃቸውን ዘርግተው ካነሡት ወይም ይዘውት ከሄዱ «ቴክ»። በዚህ ብቻ ግማሹ ስሕተት ይቀራል።

ስለ ዝናቡ ግን የተለየ ነገር ልበል፤ ልቤን የሚነካው እሱ ነውና። ቱርክኛ «መሆን» ለሚለው «ኦልማክ» አለው፤ ታመምኩ ሲሉ «ሃስታ ኦልዱም» ይላሉ፣ ቃል በቃል «በሽተኛ ሆንኩ» እንደ ማለት። ሆኖም አብዛኛው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የመለወጥ ነገር በአንድ ግሥ ውስጥ ተጠቅልሎ ያድራል። «ዮሩልዱም» ደከመኝ ነው፤ «አጅክትም» ራበኝ፤ «እስላንድም» በሰበስኩ፤ «ካይቦልዱም» ጠፋሁ፤ «ኤቭሌንዲም» አገባሁ። አሁን አማርኛውን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱት። እኛም «ራበኝ» ስንል «ሆንኩ» የሚል ቃል አናስገባም፤ ለውጡ በግሡ ሆድ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ይህንኑ ሁለት ቦታ ይቆርጠውና ለውጡን ለ«ጌት»፣ ሁኔታውን ለቅጽሉ ይሰጣል፤ «ጌት ሃንግሪ»፣ «ጌት ታየርድ»፣ «ጌት ዌት»። የእርስዎ ተማሪ «እስላንድም» የሚለውን ቃል ቢበልተው ለ«ጌት» የሚሆን ብልት ለብቻው አያገኝም፤ «ዊ ወር ዌት» ማለቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ያ ዐረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ በስብሰው እንደ ነበር ይናገራል፣ ዝናቡ ሲመታቸው የሆነውን ግን አይናገርም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያምረው ነው። «ኬስሜክ» መቁረጥ ነው፤ «ኬስቲርሜክ» ማስቆረጥ። እኛ አስደራጊውን ከፊት «አስ» ብለን እንደምንሠራው እነርሱ ከኋላ ቅጥያ ጨምረው ይሠሩታል። ጸጉር ቤት ሄደው የተስተካከሉ ቱርኮች «ኬስቲርዲም» ይላሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» መባል አለበት። «አይ ከት ማይ ሄር» ካሉ፣ መቀሱን ራሳቸው እንደ ያዙ ነው የሚሰማው። የእኛም ተማሪዎች ይህንኑ ይሳሳታሉ። «አስቆረጥኩ፣ አስጠገንኩ፣ አሰፋሁ» የሚሉትን የአማርኛ ግሦች በልብዎ ይዘው በቱርክኛ አስደራጊያቸውን ቢጠይቋቸው፣ መንገዱ አንድ መሆኑን ወዲያው ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንካራ ውስጥ «ዶልሙሽ» የሚባል እንደ እኛ ሚኒባስ ያለ ታክሲ አለ፤ ስሙ ራሱ «የሞላ» ማለት ነው። መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ «ኢኔጄክ ቫር!» ብሎ ይጮኻል። «ኢንሜክ» መውረድ ነው፣ «ቫር» አለ ማለት ነው፤ ሙሉው «ወራጅ አለ!» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቀን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። እንግሊዝኛ ይህን «ጌት ኦፍ» ይለዋል። መሳፈሩ ደግሞ «ቢንሜክ» ነው፤ ለፈረስም፣ ለአውቶቡስም፣ ለአውሮፕላንም፣ ለትንሽ መኪናም ያው አንድ ቃል። እዚህ ላይ ግን ተማሪዎችዎ መቸገራቸው አይቀርም፤ እንግሊዝኛ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኢን» ብሎ ይለያልና። ልዩነቱን ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ እንዳለ አምናለሁ።

የሰዋስው መምህር ከጅሬን፦

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ስለ ቱርክኛው ያስረዱት ጥሩ ትምህርት ሆኖኛል። በአንድ ነገር ግን ከእርሳቸው እለያለሁ። በእያንዳንዱ «ጌት» ላይ አንድ አንድ የቱርክኛ ግሥ እየለጠፍን ከሄድን፣ ተማሪዋ በስልኳ ላይ ያየችውን ማለቂያ የሌለው ዝርዝር እኛው በእጃችን እየጻፍንላት ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ሳስተምር ያየሁት፣ የ«ጌት»ን ፍቺ የሚወስነው «ጌት» ራሱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ቃል መሆኑን ነው።

ይህን ለማሳየት ቡናን ልውሰድ፤ ጅማ ላይ ተቀምጠን ሌላ ምሳሌ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። ከ«ጌት» ቀጥሎ «ኮፊ» ከመጣ፣ ያ ስም ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ማግኘት ነው፤ መግዛትም፣ መቀበልም፣ ሄዶ ማምጣትም ሊሆን ይችላል፣ የቱ እንደ ሆነ ከንግግሩ ይታወቃል። ቀጥሎ «ኮልድ» ከመጣ ቅጽል ነው፤ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፣ ማለትም መለወጥ ነው። ቀጥሎ ቦታ ከመጣ፣ ለምሳሌ «ጌት ቱ አጋሮ»፣ መድረስ ነው። ስምና የተደራጊ ግሥ ተከታትለው ከመጡ፣ «ጌት ዘ ኮፊ ሮስትድ»፣ ማስቆላት ነው፤ ወንድማችን የነገሩን አስደራጊ ይኸው ነው። ሰውና «ቱ» ያለው ግሥ ከተከተሉ ደግሞ፣ «ጌት ሄር ቱ ሮስት ኢት»፣ ለምኖ ወይም አሳምኖ እንድትቆላው ማድረግ ነው። ተማሪዎ «ጌት» ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ ቀጣዩ ቃል እንድትልክ ቢያስለምዷት፣ ማንም ሳይነግራት አዲስ ዐረፍተ ነገር ትፈታለች። ይህ ልማድ በሁለት ሳምንት አይመጣም፤ ከመጣ በኋላ ግን አይጠፋም።

«ቢካም» የሚለውን ግሥ በምትኩ የሚያስተምሩ አሉ። «አይ ቢካም ሃንግሪ» የሚል ተማሪ የሚያፈራው ይህ ነው፤ ሰው ይረዳዋል፣ ነገር ግን በዕለት ንግግር እንዲያ የሚል የለም። «ቢካም»ን ለሙያና ለማዕረግ፣ ሐኪም ሆነች፣ ዳኛ ሆነ ለማለት ያቆዩት፤ እዚያ ላይ «ጌት» አይገባምና።

መሳፈርን በተመለከተ፣ እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፤ ውስጡ ቆመው መራመድ የሚችሉበት ከሆነ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ነው፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው፤ የቤት መኪና፣ ታክሲ፣ ባጃጅም ጭምር። ከላይ ተቀምጠው የሚጋልቡት፣ ፈረስ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል፣ ወደ «ኦን» ይመለሳል። የእኛ ሚኒባስ መካከል ላይ ስለሚወድቅ በእርሱ ባይጀምሩ ይሻላል።

ለመረዳትም «ጌት» ይባላል፤ «አይ ጎት ኢት» ማለት «ገባኝ» ነው። ቱርክኛው በዚህ ላይ «አንላድም» የሚል ለብቻው የቆመ ግሥ ስላለው አይከብዳቸውም። ነገር ግን አማርኛ ዕውቀት ወደ ሰው እንደሚገባ አድርጎ መናገሩን፣ አፋን ኦሮሞም «ናፍ ገሌ» ሲል በዚያው «መግባት» በሚለው ግሥ መጠቀሙን ሳስብ፣ እንግሊዝኛው ያንኑ ነገር ተቀባዩ እንዳገኘው ዕቃ መቁጠሩ ደስ ይለኛል። አፋን ኦሮሞ «አርጉ» ብሎ ማየትን፣ «አርገቹ» ብሎ ማግኘትን ከአንድ ሥር ያወጣል። እያንዳንዱ ሕዝብ ማግኘትን ከየት እንደሚጀምር ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ስንቅ ነው።

መምህርት ከፈረንጅ አራዳ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጽሑፋችሁን አትሜ በደብተሬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» በሚለው ላይ ባልየው «ጎት» ያለፈ ጊዜ ነውና መኪናውን ያገኘው ትናንት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» ሲመጣ ደግሞ ጭራሹን ግራ ገባው። ይህን በምን ላያይዘው?

ከአንካራ ተመላሽ፦

ይህን ከ«ጌት» ጋር ባያያይዙት ይሻላል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ሁሉ «ሃቭ» የሚል ግሥ የለውም። እኛ «መኪና አለኝ» ስንል የመኪናን መኖር ተናግረን በ«ኝ» ወደ ራሳችን እናስጠጋዋለን፤ እነርሱ «አራባም ቫር» ሲሉ «መኪናዬ አለ» ማለታቸው ነው። ሁለታችንም ባለንብረትነትን ከ«መኖር» ነው የምናወጣው። ስለዚህ «ሃቭ ጎት» የሚለውን ሳይበልቱ፣ እንደ አንድ ቃል፣ የ«ቫር» አቻ አድርገው ይስጡት፤ ጊዜውም የአሁን እንጂ ያለፈ አለመሆኑን አጥብቀው ይንገሩት። «ሃቭ ጎት ቱ» ደግሞ ግዴታ ነው። ቱርክኛው «ጊትሜም ላዝም» ይላል፤ «መሄዴ አስፈላጊ ነው» እንደ ማለት። አማርኛ «መሄድ አለብኝ» ሲል ያንኑ «አለ» የሚል ግሥ ወስዶ «ብ»ን ጨምሮ ሸክም ያደርገዋል፤ «አለኝ» ንብረት፣ «አለብኝ» ግዴታ። እንግሊዝኛውም «ሃቭ ጎት» ንብረት፣ «ሃቭ ጎት ቱ» ግዴታ። ይህን ለራስዎ ይያዙት፤ ሲያስረዱ ልብዎን ያጸናዋል።

ሌላም ትዝ አለኝ፤ «ጌቺንሜክ» የሚባል ግሥ አላቸው። ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖርንም፣ ባለው ገቢ እንደ ምንም ኑሮን መግፋትንም ይህ አንድ ቃል ይገልጻል። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ጌት አሎንግ»፣ ሁለተኛውን «ጌት ባይ» ይላቸዋል። አብረው ቢያስተምሯቸው አይረሷቸውም። በአንጻሩ ቅጣት ሲደርስባቸው ቱርኮች «ጄዛ ዬሜክ»፣ ቅጣት መብላት ይላሉ፤ ዱላም ይበላል። እኛ «ዱላ ቀመሰ» ስለምንል አይደንቀንም፤ ለእንግሊዝኛው ግን ሁለቱም «ጌት» ናቸው፤ ቅጣትም በ«ጌት»፣ መመታትም በ«ጌት»።

ለፈተና የማዘጋጅ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ተማሪዎቹ ደብዳቤና የሥራ ሪፖርት የሚጽፉ ከሆነ፣ «ጌት» የንግግር ቃል መሆኗን ከአሁኑ ይወቁ። በወግ የሚጻፍ ጽሑፍ ላይ ለመቀበል «ሪሲቭ»፣ ለማግኘት «ኦብቴን»፣ ለመድረስ «አራይቭ» ይጻፋል። በንግግር ግን እነዚህን የሚደረድር ሰው ደረቅ ይሆናል፤ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ሳይሆን ቦታቸውን ማሳየት ነው የሚጠቅመው። በሦስተኛው የግሥ መልክ አሜሪካኖች «ጎተን» ይላሉ፣ እንግሊዞች «ጎት»ን ይደግማሉ፤ ፊልም የሚያይ ተማሪ ሁለቱንም ስለሚሰማ አይረሙት፣ አንዱን መርጦ እንዲጸና ብቻ ይንገሩት።

የቃሏ ታሪክም ለሚወድ ተማሪ ይነገራል። «ጌት» እንግሊዝኛ ውስጥ የገባችው ከሰሜን አውሮፓ ተሻግረው እንግሊዝ ከሰፈሩት ሰዎች ከጥንታዊ ኖርስ ቋንቋ ነው። መርሳት የሚለው «ፎርጌት»ም የእርሷ ዘመድ ነው፤ በእጅ ያለውን ማጣት እንደ ማለት። የቱርክኛው «ጌቲርሜክ»፣ ማምጣት ማለት ነው፣ በድምፅ ቢመስላትም ዝምድና የላቸውም። ለማስታወስ ብቻ ሊጠቅም ይችላል፤ ሄዶ ማምጣትም ከ«ጌት» ፍቺዎች አንዱ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በ«ጌት ማሪድ» ላይ። ቱርኮች «ከእገሌ ጋር» ብለው ስለሚያገቡ በእንግሊዝኛም «ዊዝ» ይጨምራሉ። «ጌት ማሪድ ቱ» መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው።

መምህርት ከፈረንጅ አራዳ፦

ማክሰኞ ማታ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ትምህርቱን ሳልጀምር ባልየውን «አገርህ ዶልሙሽ ላይ ስትወርድ ምን ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኢኔጄክ ቫር!» አለ። «እኛ ወራጅ አለ ነው የምንለው» ስለው ሁለቱም ተያዩ። ለካ ወደ አጋሮ በሚኒባስ በሄዱ ቁጥር ሰዎች ሲጮኹት ይሰሙት ኖሯል፤ ሚስትየዋ የአንድ መንደር ስም መስሏት በካርታ ላይ ፈልጋው ነበር። በዚያ ሞቅታ «ጌት ኦፍ»ን አስገባሁት፤ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ከዚያ በጅሬኑ መምህር ምክር መሠረት ከ«ጌት» በኋላ የሚመጣውን ቃል በቀይ እንዲያሰምሩ አደረግሁ። ሚስትየዋ ሂርማታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ስላሳጠረችው ቀሚስ መጻፍ ፈለገች። መጀመሪያ በቱርክኛ «ክሳልትርድም» አለች፤ ቀስ ብላ «ትርድም» የሚለውን ጫፍ በጣቷ ያዘችና ወደ እኔ ቀና ብላ «አስ?» አለችኝ፤ የአማርኛውን «አስ» ማለቷ ነው። «አዎ» አልኳት። «አይ ጎት ማይ ድሬስ ሾርተንድ» ብላ ጻፈች፤ የምሰርዘው ፊደል አልነበረም። «ጌት ኦን» እና «ጌት ኢን»ን ለሐሙስ አስተላልፈናቸዋል፤ ባጃጅ ተራ ድረስ አብረን ወርደን እዚያው ቆመን ልናጠናው ተቀጣጥረናል።